የተዋሱት ብርቅዬ መጽሐፍ ቢጎዳ ምን ይደረጋል?

ክረምት ሲገባ የጦሳ ተራራ ጭጋግ ወርዶ ደሴን ያለብሳታል። የታጠበ ልብስ እንኳ ቶሎ አይደርቅም። አሮጌ መጽሐፍ ለተዋሰ ሰው ይህ ከባድ ወቅት ነው።

አንድ ጊዜ የተዋስኩትን አሮጌ መጽሐፍ ባጃጅ ውስጥ ዝናብ መታብኝ። ደንግጬ ከሰል ምድጃ አጠገብ አስቀመጥኩት። ገጾቹ ተኮራመቱ፣ ጀርባውም ተሰነጠቀ። ዝናቡ ካደረሰው ጉዳት እኔ ያደረስኩት በለጠ። ዛሬም ይቆጨኛል።

ሲረከቡ። ብዙ ቤተ መጻሕፍት ብርቅዬ መጽሐፍ ከንባብ ክፍል አያስወጡም። ሲያውሱም በአብዛኛው ለሌላ ተቋም፣ ለምሳሌ ለኤግዚቢሽን ነው። ከማስረከባቸው በፊት የተቀደደውን፣ የቆሸሸውን፣ የላላውን ስፌት ሁሉ ቅጽ ላይ ይመዘግባሉ፤ ፎቶም ያነሳሉ። እርስዎም አብረው ይዩ፣ ከዚያ ይፈርሙ። ኋላ ጭቅጭቅ ቢነሳ የሚዳኘው ይህ ቅጽ ነው።

ከረጠበ። መጀመሪያ ለቤተ መጻሕፍቱ ይደውሉ። አይደብቁ። ሻጋታ በ48 ሰዓት ውስጥ ሊጀምር ይችላል፤ የእርስዎ ዝምታ ይህን ጊዜ ይበላዋል። ባለሙያዎቹ እስኪመጡ ድረስ መጽሐፉን ንጹሕ ጨርቅ ላይ ያስተኙት። ፀሐይ፣ ምድጃ፣ ካውያ አያስነኩት። የተጣበቁ ገጾችን በጥፍር አይለያዩ። ትንሽ ብቻ ከራሰ በገጾቹ መሃል ጽሑፍ የሌለበት ነጭ ወረቀት ጣል ጣል ያድርጉና ሲርስ ይቀይሩት። አየር በሚዘዋወርበት ክፍል ይሁን። ብዙ መጽሐፍ በአንዴ ከራሰ ባለሙያዎች ፍሪዘር ውስጥ ያስገቡታል። ቅዝቃዜው አያደርቀውም፣ ሻጋታውን ግን ይገታል።

ከተቀደደ። ስኮች በፍጹም! ሙጫው ከጊዜ በኋላ ቢጫ ይሆናል፣ ወረቀቱ ውስጥም ይሰርጋል። ቁራጯን ፖስታ ውስጥ አድርገው ይመልሱ። ጠጋኞች ስስ የጃፓን ወረቀትና ከስንዴ ስታርች የተሠራ ሙጫ ይጠቀማሉ። ይህ ሙጫ በውሃ ስለሚለቅ ጥገናው ካላማረ ይፈታል።

ብራና ከሆነ አይንኩት። ቆዳ ስለሆነ ሙቀት ያኮማትረዋል፤ ከራሰም ይንጋደዳል። ወሎ ውስጥ ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዘመን የተጻፈ ወንጌል ነበረው። አባቶች የውሰት ደንባቸውን ብራናው ላይ ይጽፉት ነበር፦ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ ውጉዘ ይኩን»፤ የሰረቀውም የፋቀውም የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። ወቅፍ የተደረገ፣ ማለትም ለአምላክ ሲባል ለዘለቄታው የተሰጠ፣ ኪታብም (የእስልምና መጽሐፍ) አይሸጥም፣ አይለወጥም። ቅርስ የሆነን መጽሐፍ ለመጠገን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ክፍያውስ? ቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፉን ከቅጹና ከፎቶው ጋር ያስተያያል። የቆየ ጉዳት እርስዎን አይመለከትም። አዲሱን በውሉ መሠረት ተዋሹ ወይም ኢንሹራንሱ ይሸፍናል። ሌላ ቅጂ ገዝቶ መተካት ብዙ ጊዜ አይሆንም፤ ብርቅዬ ያሰኘው አለመገኘቱ ነውና።

ጥገናው ሲያልቅ የተሠራው ሥራ፣ የሙጫው ዓይነት ሳይቀር፣ ተጽፎ ከመጽሐፉ መዝገብ ጋር ይቀመጣል። ከዓመታት በኋላ ሌላ ጠጋኝ ሲከፍተው ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።