የጋዝ መቀጣጠል ስሌት ላይ ጋዙ የሚነካውን ገጽ የመርሳት ስህተቶች

ተማሪዎቼ አብዝተው የሚስቱት “የመቀጣጠያ ሙቀት”ን (ጋዝ እሳት ሳይጫር በራሱ የሚቀጣጠልበትን) እንደ መፍያ ነጥብ ቋሚ ቁጥር አድርገው በመያዝ ነው። ሰንጠረዥ ላይ ለሜቴን 540 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ተጽፎ ታገኛላችሁ። ቁጥሩ ግን የጋዙ ብቻ አይደለም፤ ግፊቱም፣ የዕቃው ስፋትም፣ ግድግዳው የተሠራበት ነገርም አለበት። በ1823 ጀርመናዊው ኬሚስት ዶበራይነር ሃይድሮጅንን አየር ባለበት በስፖንጅ መልክ በተዘጋጀ ፕላቲነም ላይ ለቀቀው። እሳት ሳይጫር ፕላቲነሙ ግሎ ጋዙ ተቀጣጠለ። እንግዲህ ዲግሪውን ከመጥራታችሁ በፊት ጋዙ ምን እንደነካ ጠይቁ።

ሌላው “ግፊት በጨመረ ቁጥር ፍንዳታ ይቀርባል” የሚለው ነው። ሁለት እጅ ሃይድሮጅንና አንድ እጅ ኦክስጅን ወደ 500 ዲግሪ በጋለ ብልቃጥ ውስጥ አስቡ። ግፊቱ በጣም ዝቅ ሲል ዝም ይላል፤ ራዲካሎቹ፣ ማለትም ሪአክሽኑን የሚያስቀጥሉት ቁጡ የሞለኪውል ስባሪዎችና አቶሞች፣ ሳይባዙ ግድግዳው ላይ ያልቃሉ። ጥቂት ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ላይ ሲደርስ ይፈነዳል፤ አንዷ የሃይድሮጅን አቶም ኦክስጅንን ገጭታ ሁለት ራዲካል ትወልዳለች። 50 ገደማ ሲያልፍ መልሶ ዝም! ሦስተኛ ሞለኪውል መሀል ገብቶ አቶሟን ከኦክስጅኑ ጋር ያጣብቃትና ሰነፍ ራዲካል ያደርጋታል። ግፊቱ ጥቂት አትሞስፌር ሲደርስ ደግሞ እንደገና ይፈነዳል። በሰንሰለታዊ ሪአክሽን ሥራቸው ሴሚዮኖቭና ሂንሸልውድ በ1956 ኖቤልን ተጋርተዋል። ከኪነቲክስ (ከሪአክሽን ፍጥነት ጥናት) ሁሉ እኔ የምወደው ይህን ነው፤ ቸኩላችሁ አትለፉት።

ካታሊስት (ራሱ ሳያልቅ ሪአክሽንን የሚያፋጥን ነገር) ላይ ስንመጣ፣ “የሚቃጠለው ከበዛ ይፈጥናል” ማለት ያሳስታል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀዝቀዝ ያለ ፕላቲነምን ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል። ኦክስጅን ደግሞ ተሰንጥቆ ለማረፍ ጎን ለጎን ክፍት ቦታ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሞኖክሳይዱ ሲጨምር ፍጥነቱ ይወርዳል። ጠዋት የተነሳ መኪና ጭሱን የሚያጸዳው የፕላቲነም ካታሊስቱ 250 ወይም 300 ዲግሪ እስኪደርስ ድረስ መርዙን እንዳለ በማርሚታው የሚለቀው በዋናነት ለዚህ ነው።

ካታሊስት ፍጥነትን እንጂ የመጨረሻውን ሚዛን አይለውጥም፤ ይህን ብዙዎች ያውቁታል።

የአሬኒየስ መስመር (የፍጥነቱ ሎጋሪዝም ከኬልቪን ሙቀቱ ግልባጭ አንጻር የሚሣልበት) ላይ ግን ልምድ ያለውም ይስታል። ሙቀቱ ከፍ ሲል የመስመሩ ቁልቁለት ይላላል፤ “አክቲቬሽን ኢነርጂው (ሪአክሽኑ እንዲካሄድ መታለፍ ያለበት የኃይል እርከን) ቀነሰ” ይባላል። ብዙ ጊዜ የተለወጠው ኬሚስትሪው ሳይሆን ጋዙ የካታሊስቱ ገጽ ላይ በጊዜ መድረስ አለመቻሉ ነው። ለማረጋገጥ የካታሊስቱን መጠንና የጋዙን ፍሰት አብራችሁ እጥፍ አድርጉ። የተቃጠለው ድርሻ ከጨመረ የለካችሁት የጋዙን መጓጓዣ ነው።