አስም ያለበት ልጅ ባለበት ቤት ጭስንና አቧራን መቀነስ

አስም ያለበት ልጅ በሚኖርበት ቤት አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባው ጭስ ነው፤ የማገዶና የኩበት ጭስ ብቻ ሳይሆን፣ ብዙዎቻችን ከጉዳት የማንቆጥረው የቡና ዕጣንም የአየር ቧንቧን ያስቆጣል። ልጁ ቤት ውስጥ ካለ ቡናው ያለ ዕጣን ይፈላ። ልጅን አዝሎ እንጀራ መጋገር ፈጽሞ ሊቀር ይገባል፤ ቅጠሉ ምጣዱ ሥር በተማገደ ቁጥር ጭሱ ሕፃኑን ያፍነዋልና። ሲጋራ መስኮት ከፍቶ ማጨስም መፍትሔ አይሆንም፤ የጭሱ ርዝራዥ በጋቢውና በመጋረጃው ላይ ይቀራል።

አንሶላና የትራስ ልብስ በየሳምንቱ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባላነሰ ሙቅ ውሃ ቢታጠብ በአቧራ ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን ተባዮች ይሞታሉ። ወለሉም በደረቁ ከሚጠረግ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል። ሐኪም ያዘዘው በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ግን፣ ልጁ የተሻለው ቢመስልም፣ ያለ ሐኪም ፈቃድ አይቋረጥ።