ወረቀት ሳይኖር አብሮ ኖሮ መለያየት፦ ድሬዳዋ ላይ ንብረት እንዴት ይካፈላል?

ስምንት ዓመት አብረን ኖርን። ሽማግሌ አልተላከም፣ ቀበሌ አልሄድንም፣ ቀለበትም የለም። መጀመሪያ «ለፋሲካ እናደርገዋለን» ተባለ። ከዚያ ልጅ መጣ። ከዚያ ቤት ሥራ ተጀመረ። ከዚያ ማን ያስታውሰዋል? ሳቢያን ሰፈር የሠራነው ቤት ካርታው በሱ ስም ነው። ባጃጇም በሱ ስም ነበረች። በኔ ስም ያለው እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ያለችው የጨርቅ ሱቄ የንግድ ፈቃድ ብቻ ነው። ስንለያይ ሰፈሩ ሁሉ አንድ ቃል ነገረኝ፦ «ወረቀት የለሽም፣ ምንም አታገኚም።»

ውሸት ነው። ይህን ለማወቅ ግን እኔ ወደ አንድ ዓመት የሚጠጋ ጊዜና ያቺን ባጃጅ ከፍያለሁ። ጠበቃ አይደለሁም። የምጽፈው ችሎት በር ላይ ቁጭ ብዬ የተማርኩትን ነው።

መጀመሪያ፦ የትኛው ሕግ ነው የሚገዛችሁ?

ድሬዳዋ እንደ አዲስ አበባ በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ነው የምትዳኘው፤ በ1992 የወጣው አዋጅ ቁጥር 213። ሐረር የራሷ የቤተሰብ ሕግ አላት። ኦሮሚያም እንዲሁ። ስለዚህ ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት ስትወጡ ሕጉም አብሮ ይቀየራል፤ ሐረር ያለች ጓደኛችሁ የነገረቻችሁን ቁጥርና አንቀጽ እዚህ ይዛችሁ እንዳትመጡ። ፍቺና የባልና ሚስት ንብረት ድሬ ላይ የሚታየው በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ምድብ ችሎት ነው።

ሁለታችሁም ሙስሊም ከሆናችሁና ሁለታችሁም ከተስማማችሁ ሸሪዓ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ። «ሁለታችሁም» የሚለው ላይ አስምሩበት። አንዱ ብቻ ስለፈለገ አይሆንም።

ሁለተኛ፦ አብራችሁ ለኖራችሁበት ዘመን ትክክለኛ ስሙን ስጡት

እኔን ያስለቀሰኝ ይሄ ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ፍርድ ቤቱ አካባቢ የሚቀመጥ ራፖር ጸሐፊ ጋ ሄድኩ። «ምንድን ነው ጉዳዩ?» አለኝ። «ከባሌ ጋር ተለያየን» አልኩት። ሌላ ምንም ሳይጠይቀኝ «የፍቺ አቤቱታ» ብሎ ጻፈ። መልስ ሲመጣ የሰውየው ጠበቃ ሁለት መስመር ብቻ ነው ያስፈለገው፦ ጋብቻ ስለሌለ ፍቺ አይኖርም። «ጋብቻ የፈጸማችሁት መቼና እንዴት ነው?» ተባልኩ። ምን ልበል? አልፈጸምንም። መዝገቡ ተዘጋ። አምስት ቀጠሮ፣ ሰባት ወር፣ ባዶ እጅ።

አያችሁ፣ ወረቀት የሌለው ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ሕጉ ሁለት በር አለው።

አንደኛው በር ጋብቻ ኖሮ ወረቀት ለሌለው ሰው ነው። ቤተ ክርስቲያን የተጋባ፣ ኒካህ ያሰረ፣ በሽማግሌ በባህሉ የተዳረ ሰው ባል ወይም ሚስት አለው። በሃይማኖትና በባህል የተፈጸመ ጋብቻ በሕጉ ዘንድ እንደ ማዘጋጃ ቤቱ ሁሉ ጋብቻ ነው፤ አለመመዝገቡ ጋብቻነቱን አያጠፋውም። በ1998ቱ የድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ሣጥኑ ከነወረቀቱ የሄደበትም ሰው እንደዚሁ። እነዚህ ሰዎች ማስረጃቸው «የትዳር ሁኔታ» ይባላል። ማለትም እርስ በርሳቸው ባልና ሚስት ነን ብለው ሲኖሩ፣ ቤተሰቡና ጎረቤቱም እንደዚያው ሲያያቸው ነበር ማለት ነው። ከአንቀጽ 95 ጀምሮ አለ። እነሱ ፍቺ ነው የሚጠይቁት፤ ፍቺ የሚወስነውም ፍርድ ቤት ብቻ ነው።

ሁለተኛው በር የኔ ነው። ሕጉ «ጋብቻ ሳይፈጸም እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖር» ይለዋል፤ አንቀጽ 98። እዚህ ፍቺ የሚባል ነገር የለም። ከሁለት አንዱ በፈለገው ቀን ትቶ መሄድ ይችላል። ለመለያየት የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። ፍርድ ቤት የምትሄዱት አብሮ መኖሩ እንዲረጋገጥና ንብረቱ እንዲካፈል ነው። አቤቱታው ላይ የሚጻፈውም እሱ ነው።

አንቀጽ 102 ደግሞ ጥሩ ነገር አለው። አብሮ መኖሩ ከሦስት ዓመት ካላነሰ፣ በዚያ ጊዜ ሁለቱ በድካማቸው ያገኙት ገቢና በዚያ ገቢ የተገዛው ንብረት የጋራ ነው፤ በመካከላቸው ሌላ ውል ከሌለ በቀር። ብዙ ሰው ይሄን በተሳሳተ መንገድ ይረዳዋል። «ከሦስተኛው ዓመት በኋላ የተገዛው ብቻ ነው የሚካፈለው» ይላሉ። አይደለም። ሦስቱ ዓመት መግቢያ ትኬት ነው። ከገባችሁ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት የተገዛውም ይቆጠራል። ባጃጇን የገዛናት በሁለተኛው ዓመት ነበር።

ሦስት ዓመት ካልሞላስ? ያኔ እያንዳንዱ ዕቃ ላይ «ያዋጣሁት ይሄን ያህል ነው» ብሎ በደረሰኝና በባንክ ወረቀት ማሳየት ነው። ከባድ ነው፣ ግን በሩ አልተዘጋም።

የአክስቴ ልጅ አሜሪካ ሚኒሶታ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ናት። ታሪኬን ስነግራት ሳቀች። እዚያ ያሉ ተመሳሳይ ፆታ ያላቸው ጥንዶች ሲፋቱ የሚጨቃጨቁት በዚሁ ነው አለችኝ። በመላው አገሪቱ መጋባት የተፈቀደላቸው በ2015 እነሱ አቆጣጠር ነው። ሃያ ዓመት አብረው የኖሩ ሰዎች በዚያ ዓመት ይፈርማሉ። ሲለያዩ ወረቀቱ የሚያወራው ስለ ጥቂቱ ዓመት ብቻ ነው፤ በፊት የተገዛው ቤት የማን ነው የሚለው ክርክሩ እዚያ ላይ ይነሣል። እኛ አገር ሕጉ ጋብቻ የሚለው የወንድና የሴትን ነው፤ አብሮ መኖሩም እንዲሁ። ጥያቄው ግን ያው የኔው ጥያቄ ነው፦ ከወረቀቱ በፊት የነበረው ዘመን ስሙ ማን ነው?

እና ምክሬ፦ ራፖር ጸሐፊ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ጠበቃ ጋ አንድ ቀን ሂዱ። አንድ ቀን ብቻ። ገንዘብ ከሌለ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲም ሐረማያ ዩኒቨርሲቲም የሕግ ትምህርት ቤቶቻቸው ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። የዳኝነት ክፍያ መክፈል ለማይችል ሰው ደግሞ «በደሃ ደንብ» መክሰስ የሚባል አለ፤ አያሳፍርም፣ ጠይቁ። ሁለተኛውን አቤቱታ የጻፈችልኝ ጠበቃ እንደ ራፖር ጸሐፊው አልቸኮለችም። መጀመሪያ አንድ ሰዓት ሙሉ ስትጠይቀኝ ቆየች፦ «ሰው ፊት ምን ብለሽ ነበር የምትጠሪው? እናቱ ምን ትልሽ ነበር? ዕድር ላይ ምን ተብለሽ ተጻፍሽ?» ሁለቱ በሮች የሚለዩት በዚህ ነው። የናንተ ጉዳይ መሃል ላይ የሚወላውል ከሆነ አንዱን በዋናነት፣ ሌላውን በአማራጭ ማቅረብ ይቻል እንደሆነ ጠበቃችሁን ጠይቁ።

ሦስተኛ፦ ማስረጃ

የተጀመረበትን ቀን የሚያሳይ ነገር ወርቅ ነው። ሦስት ዓመቱ የሚቆጠረው ከዚያ ነውና። እኔን ያዳነኝ ከዚራ ሰፈር የተከራየንበት የመጀመሪያው የኪራይ ውል ነው፤ ሁለታችንም ፈርመንበታል። የልጄ የክትባት ካርድ አድራሻው ያው ቤት ነው። የዕድር መዝገብ፣ ባንክ የላካችሁት ገንዘብ፣ ጀርባው ላይ ቀን የተጻፈበት ፎቶ፣ የሆስፒታል ካርድ፣ ሁሉንም ሰብስቡ። ቴሌግራም ላይ ያለውንም አታጥፉ። ተናድጄ ያጠፋሁት አለ፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ምስክር ስትመርጡ የሚወዳችሁን ሳይሆን የሚያስታውሰውን ምረጡ። «ጥሩ ሴት ናት» የሚል ምስክር ምንም አይጠቅምም። «በዚያ ዓመት እዚህ ግቢ አብረው ገቡ፣ ሲወጡም አብረው ወጡ» የሚል አንድ አከራይ አምስት ዘመድ ያስንቃል። ደግሞ አደራ፣ ምስክር ለመለመን ከሰዓት በኋላ ጫት የሚቃምበት በርጫ ላይ አትሂዱ። ሁሉንም አንድ ላይ ታገኟቸዋላችሁ፣ ሁሉም እሺ ይላችኋል። አቦ፣ በምርቃና የተገባ ቃል ችሎት አይደርስም! ሦስት ሰው እሺ ብሎኝ በቀጠሮው ጠዋት አንድ ብቻ ነው የመጣው።

አራተኛ፦ እግድ፣ ክሱን በምታስገቡበት ቀን

መዝገቤ ተዘግቶ ሁለተኛውን ሳዘጋጅ ባጃጇ ተሸጠች። በሱ ስም ናት፣ ማን ይከለክለዋል? ውሉ ላይ የተጻፈው ዋጋ ደግሞ ከእውነተኛው በብዙ ያነሰ ነበር። በኋላ ከዋጋዋ ድርሻዬን ስጠይቅ ያንን ውል አውጥቶ አሳየኝ። የገበያ ዋጋዋን ለማስረዳት ሌላ ሁለት ቀጠሮ ሄደ፣ ያገኘሁትም የጠበቅኩትን አይደለም።

ስለዚህ ከክሱ ጋር አብሮ የእግድ ማመልከቻ ይግባ። በመሐላ የተደገፈ መሆን አለበት። ንብረቱ ሊሸጥ ወይም ሊተላለፍ ነው የምትሉበትን ምክንያት ጻፉ፦ ደላላ መጥቶ ቤቱን አይቷል፣ ለእገሌ ሊሸጥላት ተነጋግሯል፣ እንደዚህ። «እፈራለሁ» ብቻ አይበቃም። ትእዛዙ ሲወጣ መዝገብ ቤት አስቀምጣችሁት አትሂዱ። ለቤት መሬት አስተዳደር፣ ለተሽከርካሪ መንገድ ትራንስፖርት፣ ራሳችሁ ተከታትላችሁ አድርሱና የተቀበለበትን ማህተም ያለበት ቅጂ ያዙ። መሥሪያ ቤት ለመሥሪያ ቤት ይልካል ብሎ መቀመጥ የዋህነት ነው።

የንብረት ዝርዝር

ሁሉንም ጻፉ፤ ዕዳውንም። ለቤትና ለልጅ የተበደራችሁት የሁለታችሁ ነው። ከመገናኘታችሁ በፊት የነበራችሁ፣ ወይም በውርስና በስጦታ የመጣላችሁ የግላችሁ ስለሆነ ለብቻው ይጻፍ። እኔ የእናቴን ወርቅ ከጋራው ጋር ቀላቅዬ ጽፌ ጠበቃዋ ቀይ አሰመረችበት።

የኔ ሱቅም ዝርዝሩ ውስጥ ገባ። አዎ፣ አመመኝ። ግን አብረን ስንኖር የከፈትኩት ነው፤ የሱን ቤት የጋራ ብዬ የኔን ሱቅ የግሌ ማለት አይሄድም። ሱቁን የደበቁ ሰዎች አይቻለሁ፤ ሲጋለጥ ዳኛው ሌላውንም ቃላቸውን ማመን ያቆማል።

ልጅ ካለ

አብረው ሲኖሩ የተፀነሰ ወይም የተወለደ ልጅ አባቱ ያ ሰው ነው፤ አንቀጽ 130። ወረቀት አለመኖሩ ልጁን አይመለከተውም። ቀለብ ለመጠየቅ የንብረቱ ክርክር እስኪያልቅ አትጠብቁ። የትምህርት ቤት፣ የቤት ኪራይና የሕክምና ደረሰኝ ይዛችሁ የሚያስፈልገውን በቁጥር ጠይቁ፤ የሱን ገቢ የሚያሳይ ማስረጃም ፈልጉ።

መስማማት ከተቻለ

አብራችሁ ለኖራችሁበት ዘመን ትክክለኛ ስሙን ከሰጣችሁና እግዱ ከወጣ በኋላ መስማማት በጣም ይቀላል፤ የኔም እንደዚያ ሆነ። ቤቱ ለሁለት የሚቆረጥ አልነበረም። ካልተስማማን በሐራጅ ይሸጣል ሲባል ሁለታችንም ደነገጥን፤ በሐራጅ የሚገኘው ዋጋ የታወቀ ነው። እሱ ቤቱን ያዘ፣ ሱቁ ለኔ ቀረ፣ ልዩነቱን በሦስት ጊዜ ሊከፍለኝ ተስማማን። ሽማግሌ ፊት ተነጋግረን ያለቀው በአንድ ጠዋት ነው፤ ድሬ ስለሆነ ሽማግሌውም «አንተ» ዳኛውም «አንቺ» እያሉ። ግን ስምምነቱን በወረቀት ጽፈን ለችሎቱ አቅርበን በመዝገቡ ላይ እንዲሰፍር አደረግን። እንዲህ ያልተደረገ የሽማግሌ ስምምነት ሲፈርስ እንደገና ከዜሮ ነው የምትጀምሩት። በጋብቻ በር የገባችሁ ደግሞ የፍቺ ስምምነታችሁን ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አልተፋታችሁም፤ ከጸደቀ በኋላም በ30 ቀን ውስጥ ቀበሌ ሄዳችሁ ፍቺውን አስመዝግቡ።

ሁለተኛው ክፍያ ቀኑ አለፈ። ስልክ አያነሳም። የማደርገውን ስላወቅኩ አልጮህኩም፤ የውሳኔውን ግልባጭ ይዤ የአፈጻጸም ማመልከቻ አስገባሁ። አፈጻጸም የራሱ አዲስ መዝገብ ቁጥር አለው። የድሮውን ቁጥር ይዛችሁ መስኮት ላይ ብትቆሙ «እዚህ የለም» ነው የምትባሉት። መጥሪያው በደረሰው በአራተኛው ቀን ገንዘቡ ገባ።