ዓመታት የቆመች አሮጌ መኪና፦ ቁልፉን ገና አትንኩ

መኪናዋ አምስት፣ አሥር ዓመት ቆማለች። ሸራውን ገፈፋችሁ፣ አቧራውን አራገፋችሁ፣ ከሌላ መኪና ባትሪ አመጣችሁና እጃችሁ ወደ ቁልፉ ሄደ። ቆይ! እኔ እንደዚሁ ቸኩዬ አንድ ሞተር አበላሽቻለሁ። የፒስተኑ ፋሻዎች፣ ማለትም ዙሪያውን ያሉት ቀለበቶች፣ ከሲሊንደሩ ጋር በዝገት ተጣብቀው ነበር፣ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) በግድ ሲያላቅቃቸው ተሰበሩ። ከዚያ ወዲህ የቆመ ሞተር የመጀመሪያ ዙሩን የማዞረው በእጄ ነው።

ሞተሩ በእጅ አልዞር ሲል

ይሄ ዝገት ነው፣ መድኃኒቱም ትዕግሥት ነው። ካንዴላዎቹን፣ ማለትም በሲሊንደሩ ውስጥ እሳት የሚሰጡትን፣ ፍቱ፣ በየቀዳዳው ሁለት ማንኪያ ያህል ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ጨምሩና ሁለት ሦስት ቀን ተዉት። ከዚያ ማርሹን ፍሪ አድርጉና ቺንጋው የሚዞርበት የፊተኛው ፑሊ ቡሎን ላይ ረጅም ቁልፍ አስገብታችሁ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ቀስ ብላችሁ ሞክሩ። ሲላቀቅ እጃችሁ ይነግራችኋል፤ መጀመሪያ ጥቂት ይለሰልሳል፣ ከዚያ ይሄዳል። እምቢ ካለ ዘይት ጨምሩና ነገ ተመለሱ። በሌላ መኪና ጎትቶ በማርሽ ማስነሳት የሚባለውን እርሱት።

ከዞረ ዘይቱንና ፊልትሮውን ቀይሩ። ካንዴላ ሳትመልሱ የቦቢናውን (ለካንዴላው ኃይለኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን) ሽቦ ንቀሉ፣ ከዚያ ሞተሪኖውን መሃል ላይ እያሳረፋችሁ አሥር አሥር ሰከንድ ብቻ፣ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ አዙሩ። በካንዴላው ቀዳዳ ያ የጨመራችሁት ዘይት ተረጭቶ ይወጣል፣ ፊታችሁን አርቁ።

ሞተሪኖው "ቀጭ" ብሎ ዝም ሲል

ሞተሩ በእጅ እየዞረ ይሄ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ባትሪው ነው፣ ወይ ጫፎቹ። ሙሉ የሆነ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አርፎ ሲለካ 12.6 አካባቢ ያሳያል። ጫፎቹን በብሩሽ ፈግፍጉ። ግን ልብ በሉ፣ አንዳንድ አሮጌ መኪኖች ባለ 6 ቮልት ናቸው፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ቦዲው ላይ የሚታሰረው ፖዘቲቩ ነው፤ ሳታዩ ገመድ አትቀጥሉ።

እየዞረ አልነሳ ሲል

መጀመሪያ አሽትቱ። የቆየ ቤንዚን እንደ ቫርኒሽ ይሸታል፤ ጠርሙስ ውስጥ ብትቀዱት ሻይ ይመስላል። በአዲስ ቤንዚን ልደባልቀው ማለት አይሠራም፣ ከታንከሩ ሙሉ በሙሉ አውጡት። የቤንዚን ጎማ ቱቦዎቹን አጥፋችሁ እዩ፣ ከተሰነጠቁ ለውጡ፤ የጋለ ማርሚታ (የጭስ መውጫ) ላይ የሚንጠባጠብ ቤንዚን መኪናዋን ያቃጥላታል። የካርቡሬተሩ ቀጫጭን ቀዳዳዎችም በሙጫ ይደፈናሉ፣ ፈትቶ ማጠብ ግድ ነው። እሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ ይኑር፣ ካርቡሬተሩ ላይ ቤንዚን እያፈሰሱ ማስነሳትም ይቅር፤ እሳቱ ወደ ኋላ ሲተፋ የሚያገኘው እጅና ፊት ነው።

ቤንዚኑ ደህና ከሆነ ፑንቲናውን፣ ማለትም እየተከፈተና እየተዘጋ የካንዴላውን እሳት የሚያስነሳውን ነጥብ፣ እዩ። ሲቆም ጫፉ ላይ ስስ ሽፋን ይይዝና እሳት አይሰጥም። በጣም በላመ የብርጭቆ ወረቀት ጠረግ አድርጉና ክፍተቱን በመኪናዋ መመሪያ አስተካክሉ፤ ብዙዎቹ ጋ 0.4 ሚሊሜትር አካባቢ ነው።

ተነስታ ስትታፈን፣ ስታጨስ

ሰማያዊ ጭስ መጀመሪያ ላይ አያስደንግጣችሁ፣ የጨመራችሁት ዘይት እየነደደ ነው። ነጭ ሆኖ ከቀጠለና የራዲያተሩ ውሃ ከቀነሰ ግን ብዙ ጊዜ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ነው። መታፈን ከሆነ የአየር ማጣሪያውን ክፈቱ። እኔ አንድ ጊዜ ስከፍተው ጥጥ፣ ጨርቅና ገለባ ያነጠፈች አይጥ ቤት ሠርታ አገኘሁ። የማርሚታውንም ጫፍ እዩ። የዘይት መብራቱ በጥቂት ሰከንድ ካልጠፋ ወዲያው አጥፉ። ይህ ሁሉ ደግሞ ደጅ ነው የሚሠራው፤ የጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ በተዘጋ ጋራዥ ሰው ይገድላል።

ፍሪሲዮን ተረግጦ ማርሽ አልገባ ሲል

የፍሪሲዮኑ ዲስክ ከቮላኖው (ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ከባድ ጎማ መሰል ብረት) ጋር በዝገት ተጣብቋል። ፔዳሉን በእንጨት ተጭናችሁ አሳድሩት፣ አንዳንዴ ይለቃል። ካልሆነ ማርሽ ቦክሱ ይወርዳል።

ፍሬኑ እስከ ወለል ሲሰምጥ ወይም ጎማ ሲይዝ

ሞተር ባይነሳ መኪናዋ ትቆማለች፤ ፍሬን ከሌለ አትቆምም። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፣ እርጥበቱ ፓምፖቹን ከውስጥ ያዝጋል፣ ጎሚኒዎቹም (በውስጣቸው ያሉት የላስቲክ ማሸጊያዎች) ይደርቃሉ። ዘይቱን ጨርሳችሁ ለውጡ፣ ፓምፖቹን ፍቱና እዩ፣ የፍሬን ጎማ ቱቦዎቹን አትማሯቸው። ጎማ ከያዘ የፍሬኑ ሸራ ከበሮው ላይ ዝጎ ተጣብቋል፤ ከበሮውን በዙሪያው ቀስ እያላችሁ መታ መታ አድርጉ።

የመኪናዋም ጎማ በመልኩ አይታመንም። ጎኑ ላይ DOT የሚል ምልክት ካለ በዚያ መስመር መጨረሻ ላይ ያሉት አራት ቁጥሮች ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራሉ፤ 2312 ካለ በፈረንጆች 2012 ዓመት በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል። ሦስት ቁጥር ብቻ ከሆነ በፈረንጆች ከ2000 በፊት የተሠራ ነው፣ ጥርሱ ያልተነካ ቢመስልም አትንዱበት።