ፕሮቲኑ ሜምብሬኑ ላይ ካልደረሰ፦ በዌስተርን ብሎት ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ላብራቶሪ ውስጥ ለምትሠሩ አንድ አደራ አለኝ። ዌስተርን ብሎት በጄል የተለየን ፕሮቲን ሜምብሬን ወደሚባል ስስ ወረቀት መሰል ነገር አሻግሮ፣ የሚፈለገውን ፕሮቲን በአንቲቦዲ የሚያሳይ ምርመራ ነው። ብሎቱ ባዶ ሲወጣ አንቲቦዲውን ለመውቀስ አትቸኩሉ። አንቲቦዲ በውጭ ምንዛሬ የሚመጣ ውድ ዕቃ ነው፤ በግምት አይባክንም። መጀመሪያ ፕሮቲኑ ከጄሉ ወደ ሜምብሬኑ መሻገሩን እዩ።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህን ሳያረጋግጡ ማለፍ ነው። ማሻገሩ (ትራንስፈሩ) እንዳለቀ ሜምብሬኑን ፖንሶ ኤስ በተባለ ቀይ ቀለም ውስጥ 5 ደቂቃ ያህል አቆዩትና በተጣራ ውሃ አለቅልቁት። ቀያይ መስመሮች ከታዩ ፕሮቲኑ ደርሷል። ቀለሙ ታጥቦ ስለሚለቅ ቀጣዩን ሥራ አያበላሽም። ጄሉንም ቶሎ አትጣሉት፤ ኩማሲ በተባለው የፕሮቲን ማቅለሚያ አቅልሙት። ብዙ ፕሮቲን እዚያው ከቀረ ትራንስፈሩ አልበቃውም። ባለቀለሙ ላደር (መጠናቸው የታወቀ የማነጻጸሪያ ፕሮቲኖች) ከጄሉም ከሜምብሬኑም ከጠፋ ግን አቅጣጫውን ጠርጥሩ።

አቅጣጫ ማሳሳት በጣም የተለመደ ነው። ኤስዲኤስ በተባለ ሳሙና መሰል ኬሚካል የተሸፈነ ፕሮቲን ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላለው ወደ ፖዘቲቩ ይሄዳል። ስለዚህ ጄሉ በጥቁሩ (ኔጌቲቭ) በኩል፣ ሜምብሬኑ በቀዩ (ፖዘቲቭ) በኩል ይሁን። ከተገለበጠ ፕሮቲኑ ባፈሩ (የማሻገሪያው ፈሳሽ) ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ መመለሻ የለውም።

ፒቪዲኤፍ የተባለው የሜምብሬን ዓይነት በደረቁ አይሠራም። መጀመሪያ ሜታኖል ውስጥ ለጥቂት ሰከንድ ይነከር፣ ከዚያ ወደ ባፈሩ ይግባ። ናይትሮሴሉሎስ የተባለውን ሌላ ዓይነት ሜምብሬን ግን ንጹህ ሜታኖል ያበላሸዋል፤ እሱን በባፈር ብቻ አርጥቡት።

ብሎቱ ላይ ክብ ባዶ ቦታ ካያችሁ የአየር አረፋ ነው። ሜምብሬኑን ጄሉ ላይ ስትደርቡ በሮለር ቀስ ብላችሁ ግፉት።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር ችግር ልምጣ። ኮምቦልቻ ከደሴ ይልቅ ይሞቃል፤ በ100 ቮልት ለ1 ሰዓት ስትሠሩ ባፈሩን አስቀድማችሁ አቀዝቅዙ፣ ታንኩ ውስጥም የታሸገ በረዶ (አይስ ፓክ) ጨምሩ። ብዙ መመሪያዎች በ30 ቮልት ሌሊቱን ማሳደርን ይመክራሉ። መብራት በሚሄድበት አካባቢ ግን እኔ አልመክረውም። መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ በራሱ ላይጀምር ይችላል፤ ፕሮቲኑም ጄሉ ውስጥ እየተበተነ መስመሩ ይደበዝዛል። ቀን፣ አጠገቡ ሆናችሁ ሥሩ።

ባፈሩን ስትሠሩ ፒኤቹን በአሲድ ለማስተካከል አትሞክሩ። 25 ሚሊሞላር ትሪስና 192 ሚሊሞላር ግላይሲን በትክክል ከተመዘኑ ፒኤቹ በራሱ ወደ 8.3 ይጠጋል። የተጨመረው አሲድ ከረንቱን ከፍ ያደርጋል፣ ሙቀትም ያመጣል።

በመጨረሻ፣ ለሁሉም ፕሮቲን አንድ ዓይነት አሠራር አትጠቀሙ። ከ150 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ) በላይ ለሆነው ትልቅ ፕሮቲን ባፈሩ ውስጥ ያለውን ሜታኖል ከ20 ወደ 10 በመቶ ቀንሱ፣ ጥቂት ኤስዲኤስም ጨምሩ። ከ20 ኪሎዳልተን በታች የሆነው ትንሽ ፕሮቲን ሜምብሬኑን አልፎ እንዳይሄድ ባለ 0.2 ማይክሮን ቀዳዳውን ተጠቀሙ፤ ሰዓቱንም አሳጥሩ።