ኦአርኤስ (ለተቅማጥ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣ ዱቄት) ስትሰጡ «ገባሽ?» ብላችሁ አትለፉ

ጎንደር ላላችሁ ነርሶች፦ ልጇን ተቅማጥ ይዞባት ከደንቢያ የመጣች እናት «ገባሽ?» ስትባል፣ ባይገባትም ባለሙያ አክብራ «አዎ» ትላለች። ይልቅ «እህቴ፣ በደንብ ማስረዳቴን እንዳውቅ፣ ቤት ስትገቢ እንዴት እንደምትበጠብጪው እስቲ አሳዪኝ» በሏት። ስህተቱ በብዛት ውሃው ላይ ነው። የተለመደው ፓኬት ሙሉውን ለ1 ሊትር ንጹህ ውሃ ነው፤ በአንድ ብርጭቆ ከተበጠበጠ ጨው በዝቶ ልጁን ይጎዳዋል። ባለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሁለት ጊዜ ሞልታ ትለካ። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋ። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ቆይታ በማንኪያ ቀስ እያለች ትቀጥል፤ ጡትም አይቋረጥ። ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም መጠጣት ካቃተው ግን ሳትውል ሳታድር ይዛው ትምጣ።