ካርታው መኪናዬን አላንቀሳቅስ ሲል

አንድሮይድ ስክሪን ካስገጠምኩ በኋላ ሙዚቃውም ካሜራውም ይሠራል። ካርታው ግን መኪናዋን አንድ ቦታ ገትሯታል። ስለዚህ የጂፒኤስ አንቴናውን ፍለጋ ገባሁ።

ተገጣሚ ስክሪን የራሱ አንቴና አለው። የክብሪት ሳጥን የምታክል ጥቁር ነገር ናት፤ ከሥሯ ማግኔት አላት። ፍሬሙን በፕላስቲክ መፈልቀቂያ ነቅዬ፣ ብሎኖቹን ፈትቼ፣ ከስክሪኑ ጀርባ የሚወጣውን ቀጭን ገመድ ተከተልኩ። ገጣሚው ጠቅልሎ ከብረቱ ሥር ወሽቋታል! አንቴናዋ ቦታችንን ለማወቅ ሲግናል የምትቀበልባቸው የጂፒኤስ ሳተላይቶች 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ሲግናላቸው ደካማ ነው፤ ብረት ይጋርደዋል፣ ፕላስቲክና መስታወት ግን ያሳልፉታል።

ዳሽቦርዱ ላይ፣ ከፊት መስታወቱ ሥር፣ ማግኔቷን ወደ ታች አድርጌ አጣበቅኳት። ገመዱ ጫፍ ላይ ያለችውን ወርቃማ ማሰሪያም በእጄ አጠበቅኩ። ደጅ አውጥቼ ጥቂት ደቂቃ ጠበቅኩና ካርታው ተነሳ። መስታወታችሁ ብረት ያለበት ጥቁር ፊልም ከለበሰ ግን ይህም ላይበቃ ይችላል።